የሚስቱ ምሳ

ጋጋሪው ወደ ትልቁ ከተማ ሲመጣ በትከሻው የተሸከመው ልብስ አልነበረም። ደረቅ ዳቦ ነው፤ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ደረቅ ዳቦ። ራሱ አቡክቶ፣ ራሱ ጋግሮ፣ ስስ ስስ አድርጎ ቆርጦ፣ መልሶ ፎርኖ ውስጥ ከትቶ ያደረቀው። ሚስቱን ሊያሳክም የሚሄድ ሰው ይህ ሁሉ ዳቦ ምን ሊያደርግለት ነው ብለው ጎረቤቶቹ ስቀውበታል። ይሳቁ። እሱ ከተማዋን በወሬ ያውቃታል። እዚያ አንድ ሳህን ሩዝ የበላ ሰው ሂሳቡ ሲመጣለት የበላው መልሶ ሊወጣው እንደሚደርስ ሰምቷል። ደርሶ ሲያያት ደግሞ ከወሬውም ብሳ ጠበቀችው።

ገንዘብ አልያዘም ማለት አይደለም። ከሁለቱ ፎርኖዎች አንዱን ሸጦ ያመጣው በሚስቱ ወገብ ላይ በጨርቅ ታስሯል። እሱ ግን የመድኃኒት ነው፣ የደም ነው፣ የመመለሻ መኪና ነው። ከዚያ ላይ ለሆዴ ብዬ አልነካም ብሎ ምሎ መጥቷል። ይህ ሰው ደግሞ ከማለ ማለ ነው፤ ግትር ብትሉት ግትር ነው።

ሚስቱን ያስተኟት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለው የሴቶች ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ነው። ሆዷ ውስጥ እብጠት አለ። ይህን እብጠት የሚያወጣው ሐኪም የሆስፒታሉ ሰው አይደለም፤ ኑሮው ሌላ አገር ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል፣ ለአንድ ወር ይሠራል፣ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ሴትዮዋን አገላብጦ አያትና እብጠቱ እንደሚወጣ፣ እሷም እንደምትድን ተናገረ። ግን እንዲህ አጥንቷ ገጦ ቢላ አላሳርፍባትም አለ። ትብላ፤ ኪሎ ትጨምር። ከመሄዴ በፊት ሚዛኑ ወደ ላይ ካለ ኦፕራሲዮን አደርጋታለሁ፣ አለበለዚያ ጠረጴዛው ላይ ትሞትብኛለች አለ። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ ምንም ውስብስብ የለውም። ከበላች ትድናለች፣ ካልበላች ትሞታለች።

ለታማሚ ምግብ ሆስፒታሉ ያቀርባል። ጠዋት፣ ቀንና ማታ፣ ጎድጎድ ጎድጎድ ባለ የብረት ትሪ ላይ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ አንዳንዴ እንቁላል፣ ሙዝ ይመጣል። ለአስታማሚ ግን ምንም የለም። አስታማሚ ቀን አልጋው ሥር ይቀመጣል፣ ሲመሽ ምድር ቤት ወርዶ ሲሚንቶ ላይ ይተኛል፣ የሆዱን ነገር ራሱ ያውቅበታል።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰላም ነበር። ጠዋት ጠዋት ማዳበሪያውን ይፈታል፣ ጥቂት ቁራሽ ያወጣል፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ይበላል፣ በከተማዋ ላይ በሆዱ ይስቅባታል። ከዕለታት በአንዱ ግን ማዳበሪያውን ሲፈታ አንድ ሽታ አፍንጫውን መታው። የላይኛውን አነሳ፣ የመሃሉን አነሳ፣ ከዚያ ሥሩ ድረስ ዘረገፈው። ሻግቷል። አረንጓዴ ጸጉር አብቅሏል።

ምድር ቤቱ እርጥብ ስለሆነ ነው አሉት አብረውት የሚተኙት። እሱ ግን ምክንያቱን ያውቃል። መኪናው ሊሄድ ነው ብለው ሲያዋክቡት ዳቦውን ሙቀቱ ሳይወጣለት ነው ማዳበሪያ ውስጥ የከተተው። ትኩስ ዳቦ አፍኖ ማሰር! ዕድሜ ልኩን ሠራተኞቹን ጆሯቸውን እየቆነጠጠ የተቆጣበት ጥፋት ነው፤ በስተርጅናው ራሱ ሠራው። ሻጋታውን እየፋቀ ትንሽ ቢሞክር ሆዱ ተገላብጦ ሽንት ቤት ሲመላለስ ዋለ። በማግሥቱ ማዳበሪያውን ቆሻሻ መጣያው ላይ ዘረገፈ። ሰው እንዳያየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰና ወደ ሚስቱ ወጣ።

አልነገራትም። ምን ብሎ ይንገራት? እሷ ግን ምን ዓይኗ ይስታል። ጠዋት ሲመጣ ጢሙ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ እንደሌለ አየች።

ከዚያ ወዲያ ርካሽ ምግብ ፍለጋ ከተማዋን ማሰስ ሆነ ሥራው። ሆስፒታሉ ፊት ለፊት ባለው መንገድ ምግብ ቤት ሞልቷል፤ በራፋቸው ላይ የተጻፈው ዋጋ ግን ምሳ ነው ወይስ ሠርግ ያሰኛል። ጥግ ላይ አንድ ዳቦ ቤት አገኘና ገባ። አንዱን ዳቦ በአውራ ጣቱ ጫን ቢያደርገው ጣቱ እስከ ታች ሰመጠ። ነፋስ ነው። እርሾ አብዝተው፣ ሊጡን ሳያሳርፉ አቻኩለው የነፉት ነፋስ። ዋጋውን ጠየቀ፤ በዚያ ዋጋ እሱ ቤት አንድ ቅርጫት ይሞላል። ሻጯ ካልገዙ አይንኩ አለችው። እሱም ልጄ፣ ይህን የጋገረው ሰው መታሰር ነበረበት ብሏት ወጣ። ትንሽ እንደሄደ አጥር ተደግፎ ቆመ። አንዱን ገዝቶ ቢበላ ምን ነበረበት፣ ሞኝ! ግን ጋጋሪ ሆኖ ለዚያ ነፋስ ከሚስቱ መድኃኒት ላይ ቆርሶ ሊከፍል? እጁ እምቢ አለው።

አጠገባቸው ባለው አልጋ አንዲት አሮጊት ተኝታለች፤ አስታማሚዋ ወንድ ልጇ ነው። ሾፌር ነው፤ ከተማዋን እንደ መዳፉ የሚያውቅ፣ አፉ የማያርፍ፣ ልቡ ግን ደህና የሆነ ሰው። በርካሽ መብላት ራሱን የቻለ ሙያ ነው ጋሼ ብሎ ትምህርት ጀመረለት። ሻይ ሲታዘዝ ስኳሩን ማንም እንደማይቆጥር ነገረው። ከገበያው ጀርባ ለቀን ሠራተኞች በርካሽ ሩዝ የሚያቀርብ ካንቲን እንዳለም ነገረው። ጋጋሪው ካንቲኑን ፍለጋ ፀሐይ አናቱ ላይ እስክትወጣ ኳተነ። ሰልፍ ያዘ፤ ሽታው እያሰከረው ተራው ደረሰ፤ የሠራተኛ መታወቂያ አምጣ ተባለ። ሠራተኛ ነኝ አለ። እጄን እዩ አለ። ፎርኖ ያቃጠለውን ክንዱን እጅጌውን ሰብስቦ አሳየ። ምግብ የሚቀዳው ሰውዬ አዝኖለታል፤ ግን አለቃው ቆሞ ያያል። ከኋላ ያሉት አንሳ እግርህን አሉት፤ ከሰልፉ ወጣ።

ሲመለስ ሚስቱ ምሳዋ ቀርቦላት፣ አንድም ሳትነካው፣ ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ ጠበቀችው። ሆዱ ውስጥ ከስኳር ሻይ በቀር ምንም አልነበረምና ሊቀመጥ ሲል ተንገዳገደ። አየችው። ሁለት ማንኪያ ሩዝ ጎረሰችና ትሪውን ወደሱ ገፋችው።

«አልቻልኩም» አለችው። «ብላው። ትሪው እንዲህ ሙሉውን ከተመለሰ ሲስተሯ ትቆጣኛለች።»

«ብይ እንጂ! ዶክተሩ ምን ነበር ያለው?»

«በላሁ እኮ። ከዚህ በላይ ካስገደድከኝ ያስመልሰኛል።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታወቅ። እነዚህ ባልና ሚስት ዕድሜያቸውን ሙሉ የበሉት ከአንድ ሳህን ነው። ሁልጊዜ ቀድማ እጇን የምትሰበስበው እሷ ናት። ጠገብኩ ትላለች፣ የቀረውን ወደሱ ትገፋለች፣ እሱ ይጨርሳል። የወፍ ሆድ ነው ያላት እያለ ለደንበኞቹ ይቀልድባት ነበር። ዱቄት በተወደደበት ዘመንም፣ ልጆች ባሳደጉበት ዘመንም እንዲሁ ነበረች። ይህች ሴት እውነት ጠግባ ነው ወይ ብሎ አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም። ወንድ ልጅ፣ ሆዱ ከሞላ ምን ይጠይቃል!

ስለዚህ አመናት። ግራና ቀኙን አየ፣ ሾፌሩ እስኪወጣ ጠበቀ፣ ጀርባውን ለክፍሉ ሰጥቶ ዓይኑን በጨው አጥቦ በላ። ሲስተሯ መጥታ ባዶውን ትሪ ስታይ ፊቷ በራ። ጎበዝ እናቴ፣ እንዲህ ነው እንጂ ብላ አልጋው ግርጌ ላይ በተንጠለጠለው ወረቀት ላይ ጻፈች። ጋጋሪውም ልቡ ትንሽ አረፈ። ሲስተሯ ደስ ካላት ዶክተሩም ደስ ይለዋል፣ ዶክተሩ ደስ ካለው ተስፋ አይቆርጥባትም ብሎ አሰበ። የራበው ሰው የሚያገኘው ምክንያት አያልቅበትም።

በማግሥቱ ግን ህሊናው ቆረቆረው። አልነካውም፣ አንቺው ጨርሺው ብሎ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። እሷም እምቢ አለች። ማንኪያ አፏ ድረስ ወሰደ፣ ለመነ፣ በልጆቻቸው ስም ለመነ፤ ጥርሷን ገጥማ ፊቷን አዞረች። ትሪው እንደመጣ ተመለሰ። ሲስተሯ ተቆጣች። እንዲህ ከሆነ አልጋውን የሚፈልግ ሌላ ታማሚ በር ላይ አለ አለች። ጋጋሪው ደነገጠ። ሳይድኑ ከመባረር ትሪው ባዶ ይመለስ አለ በልቡ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁርስም ምሳም ራትም ሲገፋለት አልተከራከረም።

እሱ ሲበላ እሷ ወደ ግድግዳው ዞራ ትተኛለች። ዞራ ሆና ግን ትጠይቀዋለች። ድንቹ ጨው አለው? እንቁላሉስ በደንብ በስሏል? ሩዙን ዛሬ ምን አግብተውበት ነው እንዲህ የሸተተው? እሱም እያኘከ ይመልስላታል፤ ምግብ የጠላች ሰው የምግብ ወሬ እንዲህ መውደዷ ይገርመዋል። አንድ ጊዜ አንሶላው ላይ የተንጠባጠበ ሩዝ በጣቷ እየለቀመች አፏ ውስጥ ስትከት ደረሰባት። ጉንዳን እንዳያመጣብኝ ነው አለችው። እሱም ይህን አመነ፣ የእግዜር ሞኝ።

ሾፌሩ በበኩሉ ነገሩ ሸተተው። ይምጡ ጋሼ፣ አብረን እንብላ፣ እኔ አለሁ ብሎ ደጋግሞ ጠየቀው። ጋጋሪው ሁልጊዜ መልሱ አንድ ነው፤ በልቻለሁ። አገር ሲያበላ የኖረ ሰው በማያውቀው ሰው ኪስ አይበላም ባይ ነው። ከሚስቱ አልጋ ላይ መብላት ግን ሰው አያየውም። ክብር ማለት ለሱ ሰው የሚያየው ነገር ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ባለበት ቆመ። የሚቀጥለው ወረደ። ሲስተሯ ሚዛኑ ተበላሽቶ እንደሆነ ብላ ራሷ ወጣችበት፤ ሚዛኑ ደህና ነው። ከዚያ በኋላም የሴትዮዋ ክብደት ወረደ። ጉንጯ ሰርጉዶ ጥርሷ ብቻ ቀረ። የባልየው ፊት ግን መለስ ብሎ ነበር፤ ሲላጭ መስተዋት ውስጥ ራሱን አይቶ አፈረ፣ ለምን እንዳፈረ ግን ራሱን አልጠየቀም።

ሐኪሙ የሚሄድበት ቀን ደረሰ። ጠዋት ከሲስተሯ ጋር አልጋ ለአልጋ እየተሰናበተ መጣ። መስኮቱ ሥር ሲደርስ የተንጠለጠለውን ወረቀት አንስቶ ገጽ በገጽ ገለጠ። ፊቱ ጠቆረ። ሴትዮዋን ሆዷን ነካ ነካ አደረጋት፣ መልሶ ወረቀቱን አየ። ከዚያ ወደ ጋጋሪው ዞሮ ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረ።

«ይህን ሁሉ እየበሉ ከቀነሱ በሽታው ከሆድ አልፏል ማለት ነው። የበሉትን እሱ እየበላባቸው ነው። አሁን ኦፕራሲዮን ባደርጋቸው በከንቱ ማሰቃየት ነው የሚሆነው። ቤታቸው ይግቡና ከልጆቻቸው ጋር ይሁኑ።»

ጋጋሪው ክው አለ። መጀመሪያ ምን እንደተባለ አልገባውም። ቀጥሎ ሁሉም አንድ ላይ ገባው፤ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ በሚስቱ ላይ ሞት የፈረደው የሱ ሆድ ነው።

«ዶክተር፣ እሷ አይደለችም የበላችው። እኔ ነኝ» አለ። «ትሪውን ባዶ ያደረግኩት እኔ ነኝ። የበላሁት እኔ ነኝ!»

የተኙት ሴቶች ሁሉ ቀና ቀና አሉ። አንዷ ወይ ጉድ ስትል ተሰማ። ሲስተሯ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። ሐኪሙ ወደ ሴትዮዋ ጎንበስ አለ።

«እውነት ነው እናቴ? ምግቡን አልበሉም ነበር?»

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። አዎ ብትል፣ ርቦኝ ነበር ግን ለሱ ተውኩለት ብትል፣ ሐኪሙ ሌላ ነገር ያስብ ነበር። ማን ያውቃል፣ ጉዞውን በአንድ ቀን ያዘገይላት ነበር። ሴትዮዋ ግን ያየችው ሐኪሙን አይደለም። ያየችው ባሏን ነው። ሰው ሁሉ እያየው አንገቱን ደፍቶ፣ እጆቹ የሚገቡበት አጥተው፣ እንደ ሌባ ቆሟል። እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም፤ አንጀቷ አልቻለም።

«ኧረ ዶክተር፣ እሱ ምን ሲያደርግ ይበላዋል?» አለች። «በልቻለሁ። ጭንቀት ነው እንዲህ የሚያናግረው።»

ሐኪሙ ተነፈሰ። የጋጋሪውን ትከሻ መታ መታ አድርጎ፣ ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፣ ሚስቱን ለማትረፍ ጥፋቱን በራሱ ላይ ይጭናል አለው። ሲስተሯም ትሪውን በየቀኑ በዓይኗ እንዳየች ተናገረች። ጋጋሪው እየማለ፣ እየተገዘተ ተከተላቸው፤ እነሱ ግን ወደሚቀጥለው አልጋ አልፈው ነበር። በመጨረሻ ሲስተሯ ክንዱን ይዛ ወደ ወንበሩ መለሰችው።

«ለምን?» አላት ሚስቱን።

«ታዲያ የበሽተኛ ሚስቱን ምሳ በላ እያሉ ሲያሙህ ልስማ? አገር ሙሉ ያበላህ ሰው?»

«ብትሞቺስ?»

«ብሞትማ ሞትኩ። ቁጭ በል አሁን፣ ሰው እያየህ ነው።»

ቁጭ አለ። እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል፤ አልጠረገውም። ሾፌሩ ከእናቱ አልጋ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። ዛሬ አፉ ዝም ብሏል። ወጣ ብሎ ከጥጉ ዳቦ ቤት አንድ ዳቦ ገዝቶ መጣና ጋጋሪው እጅ ውስጥ አስቀመጠለት። ያው ነፋስ ነው። ጋጋሪው እምቢ የሚልበት አቅም አልነበረውም። ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ገመጠው።

በዚሁ መሃል ምሳ መጣ። ትሪው ሴትዮዋ ጉልበት ላይ ተቀመጠ። እሷ መጀመሪያ ትሪውን አላየችም፤ የባሏን አፍ ነው ያየችው። ሲያኝክ አየችው፣ ሲውጥ አየችው፣ እጁ ላይ ገና ግማሽ ዳቦ እንደቀረ አየች። ከዚያ ትሪውን ወደራሷ ሳበች።

በላች። ሩዙን በላች፣ ድንቹን በላች፣ እንቁላሉን ሳታኝከው ልትውጠው ደረሰች። የትሪውን ማዕዘን ማዕዘን በማንኪያው ፋቀችው። ሙዙን ልጣ በላችና ልጣጩን ከውስጥ በጥርሷ ጫረችው። ትሪው ላይ የቀረውን ውሃ በጣቷ ጠርጋ ላሰች። ራቧ የአንድ ቀን አልነበረም። ጋጋሪው ዳቦውን አስቀመጠ፤ አሁን ገባው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያስጠላት ምግብ የለም፤ ያስመለሳትም ነገር የለም። ይህች ሴት በራብ ነው ያለቀችው፤ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ እየበላ። በሽታውማ ገና ሆዷን አላለፈም።

ትሪውን ከጉልበቷ ላይ መንጭቆ ወደ ኮሪደሩ ሮጠ። የሐኪሙን ክፍል በር ደበደበ፤ ዝግ ነው። በመስኮት ወደ ታች ሲያይ አንድ መኪና ሻንጣ ጭኖ ከግቢው በር ይወጣል። ዞሮ ሲስተሯን አገኛትና ትሪውን አፍንጫዋ ሥር ዘረጋላት።

«ሲስተር፣ እዪ! በላች! ራሷ ናት የበላችው፣ ሁሉንም! እዪው፣ ባዶ ነው!»

ሲስተሯ ትሪውን በቀስታ ተቀበለችው። አዘነችለት፤ ከልቧ አዘነችለት።

«አውቃለሁ አባባ» አለችው። «ሁልጊዜም ባዶ ነው የሚመለሰው።»

ትሪውንም ለእጥበት በተደረደሩት ትሪዎች ላይ ደርባው ሄደች።